ለመከላከያ ግዥ ፕሮጀክት የቴክኖሎጂ ዕቅድ አዘገጃጀት፦ ደረጃ በደረጃ

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚመዘገብበት ወቅት ሲደርስ ስልኬ ዕረፍት የለውም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ካሉ የማስተርስ ተማሪዎችም፣ በግዥና በጥገና ክፍል ከሚሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለመከላከያ አንድ ነገር ሲገዛ ወይም ሲሠራ ቴክኖሎጂው እንዴት ይታቀዳል? ከየት ልጀምር?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከማስረዳት አንድ ቦታ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው ይህን ያዘጋጀሁት።

ሁሉንም ደረጃ በአንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን፦ ለመስክ ሆስፒታል የሚያገለግል፣ በመኪና የሚጎተት የኃይል ጣቢያ። የፀሐይ ፓነል፣ ባትሪና ትንሽ ጄኔሬተር አለው። ምሳሌው ለመለማመጃ የፈጠርኩት ነው። የመረጥኩትም ጅማ ውስጥ ሆኖ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ክፍሉን በእጅ መንካትና መፈተሽ ስለሚቻል ነው። ራዳር፣ ሬዲዮ ወይም የጦር አውሮፕላን ቢሆንም አካሄዱ አይለወጥም።

ሥራው ሲያልቅ በእጃችሁ ሦስት ነገሮች ይኖራሉ፦ ወሳኝ ቴክኖሎጂዎቹ ከነማስረጃቸው የሰፈሩበት መዝገብ፣ ያልበሰሉትን የማሳደጊያ ዕቅድ፣ እና ወደ ውሉ የሚገቡ አንቀጾች።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የተጠቃሚው ክፍል የፈረመበት የፍላጎት ሰነድ (ለመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ ራሳችሁ የጻፋችሁት መላምታዊ ፍላጎት)
- የኤክሴል ሠንጠረዥ፤ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም
- ባለ 9 ደረጃ የብስለት መለኪያ፦ ቴክኖሎጂው ምን ያህል ተፈትኖ እንደተረጋገጠ የሚያሳይ (ደረጃ 3 ላይ አስቀምጬዋለሁ)
- ትልቅ ወረቀት፣ ማርከርና ግድግዳ
- የውሳኔ ደብተር፦ ገጹ የተቆጠረ፣ የማይገነጠል
- ከአምስት እስከ ሰባት ሰዎች፦ ዕቃውን የሚጠቀምበት፣ የሚጠግነው፣ መሐንዲስ፣ የግዥ ባለሙያ፣ የፋይናንስ ሰው፣ የሕግ ሰው፣ እና ከፕሮጀክቱ ጥቅም የሌለው አንድ ገምጋሚ
- ለመጀመሪያው ረቂቅ ሦስት ሙሉ የሥራ ቀን

የሚጠግነውን ሰው አትርሱ። መሐንዲሱ ያላየውን ችግር በመጀመሪያው ሰዓት የሚያነሳው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፣ ከመጀመራችሁ በፊት

ለትምህርት የምትጽፉ ከሆነ የእውነተኛ መሣሪያ አፈጻጸም፣ ብዛት ወይም የተሰማራበትን ቦታ አትጠቀሙ፤ መላምታዊ ቁጥር ለመማር በቂ ነው። በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ መዝገቡን በቴሌግራም አትላኩ፣ በግል ፍላሽም አትያዙ። የአንድ መሣሪያ የብስለት መዝገብ ድክመቱን በቁጥር የያዘ ሰነድ ነው። በማን እጅ መግባት እንደሌለበት ግልጽ ነው።

ደረጃ 1፦ ፍላጎቱን የዕቃ ስም ሳትጠሩ ጻፉ

«ባለ 50 ኪሎዋት-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ይገዛ» የሚል ፍላጎት አይደለም፤ መልስ ነው። ፍላጎቱ እንዲህ ይጻፋል፦ «የመስክ ሆስፒታሉ በአማካይ 2 ኪሎዋት እየተጠቀመ፣ ነዳጅም ፀሐይም ባይኖር ለ24 ሰዓት መብራቱና የደም ማቀዝቀዣው ሳይቋረጥ ይሥራ።» ምን እንደሚሠራ፣ የት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በማን እጅ። አራቱ ከተመለሱ ይበቃል።

ለእያንዳንዱ ቁጥር ሁለት መጠን አስቀምጡ፦ ከዚያ በታች የማንቀበለው፣ እና ቢገኝ የምንወደው። በምሳሌያችን የማንቀበለው ከ24 ሰዓት በታች ነው፤ ቢገኝ የምንወደው 48 ሰዓት ነው።

ለምን? ቁጥሮቹ የሚያስከትሉትን ገና በወረቀት ላይ ለማየት ነው። 2 ኪሎዋት በ24 ሰዓት 48 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። የባትሪ ጥቅሉ በኪሎ 100 ዋት-ሰዓት ይይዛል ብለን ብናሰላ 480 ኪሎ ይመዝናል። 48 ሰዓት ከተባለ 960 ኪሎ ይሆናል፤ ተጎታቹም፣ የሚጎትተው መኪናም፣ የሚያልፍበት ድልድይም ይለወጣል ማለት ነው። «ቢኖር ደስ ይላል» የተባለ አንድ ቁጥር ሳይታወቅ ግዴታ ሆኖ ስፔሲፊኬሽን ውስጥ ሲገባ ፕሮጀክቱን ሌላ ፕሮጀክት ያደርገዋል።

ደረጃ 2፦ ጣቢያውን በክፍል በክፍሉ ዘርዝሩና ወሳኞቹን ቴክኖሎጂዎች ለዩ

በትልቁ ወረቀት ላይ ክፍሎቹን ሳሉ፦ የሚታጠፍ ፓነል፣ ባትሪ፣ የኃይል ተቆጣጣሪ፣ ኢንቨርተር፣ ጄኔሬተር፣ ተጎታች፣ የርቀት መከታተያ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦

ሀ. ይህ ባይሠራ ከደረጃ 1 ፍላጎቶች ውስጥ የሚወድቅ አለ?
ለ. ቴክኖሎጂው አዲስ ነው? ወይስ ነባር ሆኖ በአዲስ መንገድ ወይም በአዲስ አካባቢ ልንጠቀምበት ነው?

ሁለቱም «አዎ» ከሆነ ወሳኝ ቴክኖሎጂ ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ በተለመደው የምህንድስና ክትትል ይያዛል።

በምሳሌያችን ወሳኝ ሆነው የሚወጡት ሁለት ናቸው። አንደኛው ሦስቱን የኃይል ምንጮች እያቀያየረ የሚያስተዳድረው ተቆጣጣሪ ነው። ሁለተኛው የሚታጠፈው ፓነል ነው፤ ፓነል ራሱ አዲስ ባይሆንም በየሁለት ቀኑ እየታጠፈና እየተዘረጋ፣ በኮረኮንች መንገድ እየተጫነ መሥራቱ አዲስ ነው። ጄኔሬተሩ ግን ወሳኝ ቴክኖሎጂ አይደለም። ይህ ማለት ችግር የለበትም ማለት አይደለም፦ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ኃይል ያጣል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ እዚህ 17 በመቶ ያህሉ ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከ20 በመቶ ያልፋል። ይህ የመጠን ስሌት ጉዳይ ነው፤ ትልቅ ሞተር በመምረጥ ይፈታል። የብስለት ጥያቄና የስሌት ጥያቄ ከተደባለቁ ዝርዝሩ ሃያ ይደርሳል፣ እውነተኛዎቹ ሁለቱም ከውስጡ ይጠፋሉ።

ደረጃ 3፦ ለእያንዳንዱ ወሳኝ ቴክኖሎጂ የብስለት ደረጃ ስጡ፣ ማስረጃውን አያይዙ

ባለሙያዎች «ቲአርኤል» የሚሉት መለኪያ ይህ ነው። ከጠፈር ምርምር የመጣ ሲሆን ዛሬ በብዙ አገሮች የመከላከያ ግዥ ይሠራበታል።

1. መሠረታዊው የሳይንስ መርሆ ታውቋል
2. ለምን እንደሚውል በሐሳብ ተቀርጿል
3. ሐሳቡ እንደሚያስኬድ በስሌትና በትንሽ ሙከራ ታይቷል
4. ክፍሎቹ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተገጣጥመው ሠርተዋል
5. ክፍሎቹ የሥራ ቦታውን በሚመስል ሁኔታ ውስጥ ሠርተዋል
6. ወደ መጨረሻው የተጠጋ ሙሉ ናሙና የሥራ ቦታውን በሚመስል ሁኔታ ውስጥ ሠርቷል
7. ናሙናው በእውነተኛው የሥራ ሁኔታ ውስጥ ሠርቷል
8. የመጨረሻው ምርት ተጠናቆ የታቀደለትን ፈተና ሁሉ አልፏል
9. በእውነተኛ ግዳጅ ላይ ውሎ ተረጋግጧል

ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ከ4 ወደ 6 በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ልዩነቱ ዕቃው «መሥራቱ» ላይ ሳይሆን የሠራበት ቦታ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት ከተማሪዎች ጋር የሠራነው ትንሽ የባትሪ መቆጣጠሪያ ሳጥን ጥር ላይ በወርክሾፕ ውስጥ ለሦስት ሳምንት ያለ እንከን ሠራ። ሐምሌ ላይ ቦዬ ረግረግ አጠገብ ወስደን ስናቆመው በዘጠነኛው ቀን ቆመ። ስንከፍተው የዝናብ ጠብታ አልገባበትም። ቀን የሞቀው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ በሳጥኑ ውስጥ ጤዛ ሆኖ የሽቦ ማሰሪያዎቹን በልቷቸው ነበር። ያ ሳጥን ጥር ላይ 4 ነበር እንጂ 6 አልነበረም፤ እኛ ግን በመዝገባችን 6 ብለን ጽፈን ነበር።

ስለዚህ ደረጃ ስትሰጡ እነዚህን ጠብቁ፦

- ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የሙከራ ሪፖርት ቁጥር፣ ቀን፣ ቦታና የተፈተነው ናሙና ማንነት ይጻፍ። የአቅራቢው ብሮሹር ማስረጃ አይደለም፤ ሊጠየቅ የሚገባው ከብሮሹሩ ጀርባ ያለው የሙከራ ሪፖርት ነው።
- ሌላ አገር በግዳጅ ላይ የዋለ ዕቃ 9 ቢሆንም በእናንተ አካባቢ ካልተመሰከረለት እንደገና ዝቅ ብሎ ይመዘናል። የጅማን ክረምት ያላየ 9፣ እዚህ ከ5 ወይም ከ6 ይጀምራል። እንደ ቅጣት አትዩት፣ ለማስረጃ ክፍት መሆን ነው።
- በሁለት ቁጥሮች መካከል ካመነታችሁ ዝቅተኛውን ጻፉ።
- የመጨረሻውን ቁጥር የሚያጸድቀው ከፕሮጀክቱ ጥቅም የሌለው ገምጋሚ ነው። ራሱ ሠርቶ ራሱ የሚያርም የለም።

«የሥራ ቦታውን የሚመስል ሁኔታ» የሚለውን በግምት አትተዉት። ሚል-ስታንዳርድ-810 የሚባለው የአሜሪካ መከላከያ የአካባቢ ፈተና መስፈርት እዚህ ይረዳል፦ ዘዴ 506 ለዝናብ፣ 507 ለእርጥበት፣ 510 ለአሸዋና አቧራ፣ 514 ለንዝረት። መስፈርቱ ራሱ ፈተናው እንደየአካባቢው እንዲስተካከል ይጠይቃል። እዚህ ያለነው በዚህ ዕድለኞች ነን፤ የክረምቱ እርጥበት ደጃችን ላይ ነው፣ በወልቂጤ መንገድ ወደ ጊቤ በረሃ ሲወረድ ደግሞ ሙቀትና አቧራው በዚያው ቀን ይገኛል። ናሙናውን ጭኖ መመለስ ብቻውን ፓነሉንም፣ ማጠፊያውንም፣ ብሎኑንም ይፈትናል።

ደረጃ 4፦ መጋጠሚያዎቹንና የማምረት አቅሙን ለየብቻ መዝኑ

ሁለት ባለ 8 ክፍሎች ሲገጠሙ 8 አይሆኑም። የክፍሎቹን ዝርዝር በሠንጠረዡ አግድምም ቁልቁልም ጻፉና በሚገናኙበት ካሬ ሁሉ ምን እንደሚያልፍ ሙሉ፦ ኃይል፣ መረጃ፣ ሙቀት፣ ክብደት፣ ንዝረት። ባዶ ሊሆን የማይገባው ካሬ ባዶ ከሆነ ያ ያልታሰበበት መጋጠሚያ ነው። በምሳሌያችን በተለምዶ ባዶ የሚቀረው የጄኔሬተሩ ንዝረትና የተቆጣጣሪው ሰርኪት የሚገናኙበት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ብረት ላይ መቀመጣቸውን ማንም አያስተውልም።

እንግሊዞች ኒምሮድ ኤምአርኤ4 የተባለውን የባሕር ቅኝት አውሮፕላን ሲሠሩ አሮጌ አካሎችን አድሰው አዲስ ክንፍ ሊገጥሙላቸው ነበር። የቀድሞዎቹ አካሎች በእጅ የተገጣጠሙ ስለነበሩ ልካቸው እርስ በርስ አንድ ሆኖ አልተገኘም። ፕሮጀክቱ ከብዙ መዘግየትና ወጪ በኋላ በ2010 እ.ኤ.አ. ተሰረዘ። ክንፍ ለብቻው፣ አካል ለብቻው ቢመዘን ይህ አይታይም።

የማምረት አቅም የራሱ ባለ 10 ደረጃ መለኪያ አለው። ለመጀመሪያ ዕቅድ ግን ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ናሙናውን የሠራው ሰው ባይኖር ሌላው በሥዕሉ ብቻ ይሠራዋል? 2 የሠራ ወርክሾፕ 40 ለመሥራት ምን ይጎድለዋል? ከአንድ አቅራቢ ብቻ የሚገኝ ክፍል አለ?

ደረጃ 5፦ የማሳደጊያ ዕቅድ አውጡ፣ መውጫ መንገዱንም አብራችሁ

ለእያንዳንዱ ከ6 በታች ለሆነ ወሳኝ ቴክኖሎጂ አንድ ገጽ ይኑረው። በገጹ ላይ የሚሰፍሩት፦ አሁን ያለበት ደረጃ፣ የሚፈለገው ደረጃና ቀን፣ ወደዚያ የሚያደርሱት ሙከራዎች፣ የእያንዳንዱ ወጪና ኃላፊ፣ ሙከራው አለፈ የሚባልበት ቁጥር፣ እና ባይሳካ የሚተካው ነባር ቴክኖሎጂ ከነመወሰኛ ቀኑ።

የመጨረሻዋ ነጥብ የገጹ ልብ ናት። ምትክ ቴክኖሎጂ ተጽፎ መወሰኛ ቀን ከሌለው ማንም ወደ እሱ አይዞርም፤ «ትንሽ ብንታገሥ ይደርሳል» እየተባለ ዓመት ያልፋል። በምሳሌያችን ዘመናዊው ተቆጣጣሪ ባይደርስ ምትኩ በእጅ የሚገለበጥ መቀያየሪያ ነው። ኦፕሬተር ይፈልጋል፣ ግን የ24 ሰዓቱን ፍላጎት ያሟላል።

ቀኖቹን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩ። የማምረቻ ውሉ የካቲት ላይ ይፈረማል እንበል። የግምገማው ሪፖርት ታኅሣሥ ላይ መቅረብ አለበት፤ ወደ ምትክ የመዞር ውሳኔ ኅዳር ላይ፤ የእርጥበት ሙከራው ውጤት ጥቅምት ላይ። እንግዲህ ሙከራው ከሰኔ እስከ መስከረም መካሄዱ ግድ ነው። ክረምቱ ካመለጣችሁ የሚቀጥለው ከዓመት በኋላ ነው፤ ናሙናው ለግንቦት መጨረሻ ካልደረሰ ፕሮጀክቱ የዘገየው በአንድ ወር ሳይሆን በአንድ ዓመት ነው። ይህንን ለኃላፊዎች በዚሁ ቋንቋ አስረዱ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያዩት የበጀት ወጥመድ አለ። የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይከፈታል። የክረምቱ ሙከራ ደግሞ መሃሉ ላይ ይወድቃል። የሙከራውን ገንዘብ በአንድ ዓመት በጀት ብቻ ከያዛችሁ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ናሙናው ሜዳ ላይ ቆሞ የነዳጅና የውሎ አበል ጥያቄ ፋይናንስ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ወጪውን ከመጀመሪያው ለሁለት ክፈሉና በሁለቱም ዓመት ዕቅድ ውስጥ አስገቡት።

ደረጃ 6፦ ዕቅዱን ከውሳኔ ነጥቦች ጋር አያይዙ

የመከላከያ ፕሮጀክት በአንድ ትንፋሽ አይፈቀድም። የእንግሊዝ አሠራር ስድስት ምዕራፍ አለው፦ ሐሳብ፣ ግምገማ፣ ማሳያ፣ ማምረት፣ አገልግሎት፣ ማስወገድ። አሜሪካኖቹ ሦስት ዋና የውሳኔ ነጥቦች አሏቸው፤ በሕጋቸውም ትልልቅ ፕሮጀክቶች ወደ ሙሉ ልማት ከመግባታቸው በፊት ቴክኖሎጂው የሥራ ቦታውን በሚመስል ሁኔታ መታየቱ እንዲረጋገጥ ይጠየቃል፤ ይኸውም በብስለት መለኪያው 6 ነው።

እናንተም በየውሳኔ ነጥቡ ዝቅተኛውን ደረጃ ጻፉ። ለመነሻ ይህን ተጠቀሙ፦ ከሐሳብ ወደ ግምገማ 3፣ ወደ ሙሉ ልማት 6፣ ወደ ማምረት 7 ወይም 8። አንድ ወሳኝ ቴክኖሎጂ ከወደቀ ሦስት ምርጫ ብቻ አለ፦ መጠበቅ፣ ወደ ምትኩ መዞር፣ ወይም ፍላጎቱን ከተጠቃሚው ጋር ተስማምቶ መቀነስ። «አብረን እየሄድን እናስተካክለዋለን» አራተኛ ምርጫ ሆኖ እንዳይገባ።

ምክንያቱን በአንድ መርከብ ላሳያችሁ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጄራልድ ፎርድ የተባለችውን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲረከብ ከ11 አዳዲስ የጦር መሣሪያ ማንሻ አሳንሰሮቿ አንዱም ለሥራ ዝግጁ አልነበረም። የመጨረሻው የተረከበው በ2021 መጨረሻ ላይ ነው። ቴክኖሎጂው የበሰለው መርከቧ ከተሠራች በኋላ፣ በመርከቧ ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ነገር መለወጥ በየብስ ላይ ከመለወጥ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ግድግዳ ከተለሰነ በኋላ የመብራት መስመር የቀየረ ሰው ያውቀዋል።

ደረጃ 7፦ ውሉ ውስጥ መግባት ያለባቸውን አስገቡ

ከዚህ በፊት የሠራችሁት ሁሉ ውል ውስጥ ካልገባ አቅራቢውን አያስገድድም። ከሕግ ሰዋችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቢያንስ እነዚህን አረጋግጡ፦

- ክፍያ ከማስረጃ ጋር ይታሰር። «በስድስተኛው ወር 30 በመቶ» ሳይሆን «የእርጥበት ሙከራው ሪፖርት በገዢው ሲጸድቅ 30 በመቶ» ይባል።
- ሙከራውን የመታዘብ መብት። ፋብሪካው የትም ይሁን፣ ገዢው ሰው ልኮ ያያል፣ ጥሬውን መረጃ ይወስዳል።
- የሥዕል፣ የሶፍትዌርና የጥገና መረጃ መብት። የምንጭ ኮዱ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ዋናው ጽሑፍ)፣ የጥገና ማንዋሉ፣ የፍተሻ መሣሪያው የይለፍ ቃል። ምን እንደሚረከብ፣ በምን መልክ፣ ማን ሊቀይረው እንደሚችል ይጻፍ።
- ያለ ፈቃድ ለውጥ አይደረግም። አቅራቢው የባትሪ ሕዋሱን ወደ ርካሽ ሞዴል ከቀየረ የሰጣችሁት ደረጃ ዋጋ የለውም፤ እንደገና ይፈተናል።

ሦስተኛው ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሌም የሚታለፈው እሱ ነው። የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር በ1995 ያዘዛቸውን 8 ቺኑክ ኤችሲ3 ሄሊኮፕተሮች በ2001 ተረከበ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሄሊኮፕተሮቹ ይበራሉ። ችግሩ የበረራ ሶፍትዌራቸው ደህንነት በአገሪቱ ደንብ መሠረት እንዲረጋገጥ የምንጭ ኮዱ መታየት ነበረበት፤ ውሉ ደግሞ ያንን አላስገደደም። አብራሪው መሬቱን በዓይኑ እያየ ከሚበርበት ጥሩ አየር ውጭ አልተፈቀደላቸውም፤ ዓመታትን በማቆያ ውስጥ አሳለፉ። በመጨረሻ ያን ሁሉ ዘመናዊ ኮክፒት አውጥቶ ወደ ነባሩ መመለስ ግድ ሆነ። በቴክኖሎጂ መለኪያ ብቻ ቢታዩ ጥሩ ቁጥር ያገኙ ነበር። የጎደለው አንድ አንቀጽ ነው።

ለኃይል ጣቢያችንም ያው ነው። ተቆጣጣሪው ሲበላሽ ጅማ አጂፕ አካባቢ ያለ ጎበዝ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ቦርዱን ሊያየው ይችላል፤ ፕሮግራሙ የተቆለፈ ከሆነ ግን ምንም ማድረግ አይችልም።

ደረጃ 8፦ ለእርጅናና ለማሻሻያ ከአሁኑ ቦታ ተዉ

ተጎታቹ 20 ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ የተቆጣጣሪው ቺፕ ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ ከገበያ ይወጣል። ቢ-52 የተባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የመጨረሻው የተመረተው በ1962 እ.ኤ.አ. ሆኖ ዛሬም በአገልግሎት ላይ ነው። የቆየው ውስጡ ያሉት መሣሪያዎች እየተለወጡ ነው።

የምታደርጉት ይህ ነው፦ ቶሎ የሚያረጁትን ክፍሎች ለዩ፣ መሰኪያቸው በሰፊው የሚታወቅ መስፈርት ይሁን፣ በሳጥኑ ውስጥ ትርፍ ቦታና ትርፍ የኃይል አቅም ተዉ፣ አቅራቢው ማምረት ከማቆሙ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ እንድታዝዙ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ ይኑርበት። የማስወገጃ ወጪንም እዚሁ ጻፉ፤ ያረጀ ሊቲየም ባትሪ መጋዘን ውስጥ የሚከመር ዕቃ አይደለም፣ እሳት ያስነሳል።

ደረጃ 9፦ ከዕቃው ጋር የሚሄደውን ሁሉ መዝግቡና በየወሩ ክለሱ

ዕቃው ብቻውን አቅም አይሆንም። በመዝገቡ መጨረሻ ላይ ስምንት አጫጭር መስመሮች ጨምሩ፦ ሥልጠና፣ መሣሪያ፣ የሰው ኃይል፣ መረጃ፣ የአጠቃቀም ስልት፣ አደረጃጀት፣ መሠረተ ልማት፣ ሎጂስቲክስ። በእያንዳንዱ ጎን ኃላፊና ቀን ይኑር። ቀን የሌለው መስመር ካለ በርክክቡ ቀን ዕቃው ይመጣል፣ የሚያንቀሳቅሰው ሰው አይኖርም።

መዝገቡን በወር አንድ ጊዜ ክለሱ፤ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ምክንያቱ፣ ቀኑና የወሰነው ሰው በውሳኔ ደብተሩ ላይ በብዕር ይጻፍ። ኤክሴል ላይ የተደመሰሰ ቁጥር ዱካ የለውም። ኃላፊ ሲቀየር አዲሱ ሰው የትናንቱን ውሳኔ ምክንያት የሚያገኘው ከዚያ ደብተር ብቻ ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

*አማካይ ማውጣት።* አንዱ 9፣ አንዱ 3 ሆኖ «በአማካይ 6» ተብሎ ቀርቦልኝ ያውቃል። የጣቢያው ደረጃ ከሁሉ ዝቅተኛው ወሳኝ ቴክኖሎጂ ነው። 3 ካለ 3 ነው።

*ሶፍትዌርን መርሳት።* ዝርዝሩ ላይ የሚጨበጡ ዕቃዎች ብቻ ይሰፍራሉ። ተቆጣጣሪው ውስጥ ያለው ፕሮግራም ራሱን የቻለ መስመር ይፈልጋል፤ ስሪቱ በተለወጠ ቁጥር ሙከራው ይደገማል።

*የናሙናውን ሞዴል አለመጻፍ።* የተፈተነው አንድ ሞዴል፣ የተገዛው ሌላ ሞዴል ሆኖ ይገኛል። የሴሪ ቁጥር ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ።

*በሰኔ መቻኮል።* በጀቱ ሳይዘጋ ተብሎ ሙከራው ያላለቀ ዕቃ ይረከባሉ። የርክክብ ፊርማ ካረፈ በኋላ አቅራቢውን ለማስተካከያ መመለስ እጅግ ይከብዳል። ውሉ ላይ ክፍያው ከሙከራ ሪፖርት ጋር ከታሰረ (ደረጃ 7) ይህን ግፊት የምትመክቱበት ወረቀት በእጃችሁ ነው።

*ለደረጃው ሲባል ፈተናውን ማቅለል።* ናሙናውን ከዝናቡ ሸሽጎ ጣራ ሥር አቁሞ «ክረምት ላይ ተፈትኗል» ማለት። ሪፖርቱ ላይ የቆመበት ቦታ ፎቶ፣ የሰዓቱ ሙቀትና እርጥበት፣ የሠራበትና የቆመበት ሰዓት ይግባ።

*ዝቅተኛ ቁጥር የጻፈውን ሰው መቆጣት።* ይህ ሲሆን በሚቀጥለው ወር ሁሉም 7 ይሆናል፤ መዝገቡም ከዚያ ቀን ጀምሮ አይጠቅምም። ስብሰባውን የምትመሩ ከሆነ መጀመሪያ ዝቅ ያለውን ቁጥር ያቀረበውን አመስግኑ፣ ቀጥሎ ወደ ማሳደጊያ ገጹ እለፉ።

ለመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩት ከደረጃ 1 እስከ 5 ያለውን በአንድ ዕቃ ላይ በደንብ ከጨረሳችሁ ይበቃል፤ ከ6 እስከ 9 በአጭር ምዕራፍ ይገባል። ረቂቁን ወደ አማካሪያችሁ ስትወስዱ ሠንጠረዡን ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ያለውን የሙከራ ሪፖርትም ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።